ከስምንቱ ስምንተኛ ስላደረጉት አሰልጣኛችን፣ ለክቡር ኮሚሽነሩ

ለክቡር አቶ ብራይስ ኬተልሃት
የጎሽ ሸለቆ ኮሌጆች ኮንፈረንስ ኮሚሽነር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በእጅዎ በሚገባበት ሰዓት እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ሰሞን ሐኪም ያደሰልዎት ጉልበትዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኛ የሃዝሌት ሰዎች ደህና ነን። በቆሎው ገብቷል፣ ነፋሱ ከሰሜን መጥቷል፣ ኔብራስካ እንደ ወትሮው ጠፍጣፋ ናት። ከእርስዎ ናፍቆትና ከእርስዎ ደረጃ በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ምናልባት ከዘነጉኝ ራሴን ላስተዋውቅ፤ መዘንጋት ሰሞኑን በቢሮዎ እንደ ጉንፋን ተዛምቷል ሲባል ሰምቻለሁና። ዱዌይን ፖስፒሺል እባላለሁ። ከእህል ጎተራው ማዶ ባለችው ጋራዥ የተሰበረ ማረሻና የተቀደደ የጭነት መኪና ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮሌጅ አልገባሁም። ብየዳውን የተማርኩት እጄን እያቃጠልኩ ሲሆን፣ ንባቡን ደግሞ ለዕቃ መጠቅለያ የሚመጡልኝን አሮጌ ጋዜጦች ከመጠቅለሌ በፊት እያነበብኩ ነው። በከተማችን በዕድሜ የሚበልጡኝ ሰዎች ሳይቀሩ አጎት ዱዌይን ይሉኛል። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «እንደ አጎት ስለምትነዘንዘን ነው» ይሉኛል። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያነቡትን ሁሉ እንደ አጎት ንዝንዝ ቆጥረው በትዕግሥት እንዲያልፉልኝ እለምናለሁ።

በየዓመቱ የውድድሩ ዘመን ሲያልቅ፣ በኮንፈረንሳችን ማለትም በውድድር ማኅበራችን ያሉትን የስምንቱን ኮሌጆች የአሜሪካ ፉትቦል ዋና አሰልጣኞች አበጥረው፣ አንጠርጥረው፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ደርድረው ለሕዝብ ስለሚያቀርቡልን እናመሰግንዎታለን። እኛ የገጠር ሰዎች ማን ከማን እንደሚበልጥ በራሳችን ዓይን አይተን ለመወሰን በየቅዳሜው ብርድ ላይ መቀመጥ ግድ ሆኖብን ኖረናል። እርስዎ ከሞቀ ክፍል ውስጥ ሆነው ድካማችንን ስላቀለሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ነገር ግን በዘንድሮው ድርድር ላይ ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉኝ፣ ክቡርነትዎን ግራ እንዳላጋባ በተራ በተራ አቀርባቸዋለሁ።

አንደኛ፣ ደረጃው የወጣበት ቀን የብዙ ሰው ቁርስ ተበላሽቷል።

እንደሚያስታውሱት፣ ወይም እንደማያስታውሱት፣ ጠዋት ጠዋት የምንሰበሰበው በገበሬዎች ማኅበር ቢሮ ውስጥ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ነው። የጭነት መኪኖችን የምትመዝነው አርሊስ ደረጃውን ከስልኳ ልታነብልን መነጽሯን አደረገች።

«ከላይ ልጀምር ከታች?» አለችን።

«ከላይ ጀምሪ» አላት ጎረቤቴ ቨርሊን፣ አኩሪ አተር የሚያመርተው። «ሎወል ስቶይካ ከላይ ስለሆነ ቶሎ እንገላገላለን።»

ሎወል ስቶይካ የሃዝሌት ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝ እንደሆነ ለክቡርነትዎ መንገር ባያስፈልገኝም፣ ይህ ደብዳቤ የሚወጣበትን ጋዜጣ ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ስል እናገራለሁ። ዘንድሮ ቡድኑን ሁለተኛ አድርጎ ጨርሷል። ከእሱ በላይ የነበረው የደንሞር ኮሌጅ ብቻ ነው።

አርሊስ አነበበች። አንደኛ፣ የደንሞሩ ትሬንት ሃልዶርሰን።

«ማን ነው እሱ?» አለ ቨርሊን።

«ያ ፀጉሩን እንደ አይስክሬም የሚያቆመው ልጅ።»

«እሺ፣ አሸንፎናል፤ ፀጉሩም ይቁም። ቀጥዪ።»

ሁለተኛ ሌላ ሰው ሆነ። ሦስተኛም ሌላ ሰው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቨርሊን ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሰ። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ሬክስ ቶልፍሰን ብላ አነበበች፤ ለሎወል የቀረችው ስምንተኛዋ ብቻ ሆነች። ቶልፍሰን የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በሙሉ ተሸንፎ፣ በመስከረም መጨረሻ ፊሽካውን ለረዳቱ ሰጥቶ፣ ወደ ሚኔሶታ ጀልባ ሊሸጥ የሄደ ሰው ነው።

«አርሊስ፣ ተሳስተሻል» አላት ቨርሊን። «ሰውዬው እኮ አሰልጣኝ አይደለም።»

«አልተሳሳትኩም። ሰባተኛ ነው። ምናልባት ጀልባው በደንብ እየተሸጠለት ይሆናል።»

ክቡር ሆይ፣ ሥራውን ጥሎ የሄደ ሰው ሥራው ላይ ካለ ሰው የተሻለ አሰልጣኝ መሆኑን ከእርስዎ በፊት ያስተማረን የለም። ይህን ጥበብ በሌላውም ሙያ እንድንጠቀምበት ፈቃድዎን እጠይቃለሁ፤ ጋራዤን ዘግቼ ዓሣ ሳጠምድ ብውል የአውራጃው ምርጥ በያጅ እንደምሆን ተስፋ አድርጌያለሁና።

በአርሊስ የጀልባ ቀልድ ሳቅን፤ ሳቃችን ግን እስከ በሩ እንኳ አልደረሰም። የሃዝሌት ኮሌጅ የቦርድ አባላት ባለፈው ዓመት ያወጡት ደንብ እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበርና። ሁለት ዓመት በተከታታይ በእርስዎ ደረጃ ከመጨረሻዎቹ ሁለት ቦታዎች በአንዱ ላይ የተገኘ አሰልጣኝ፣ ልዩ ምክንያት ካላስረዳ በቀር፣ ውሉ አይታደስም ይላል። አምና ስቶይካን ሰባተኛ አድርገውት ነበር። የሚኖርበት ቤት ደግሞ የኮሌጁ ነው። ውሉ ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። ይህን ደንብ እርስዎ አያውቁም እንዳልል፣ ሲወጣ «ብልህ ውሳኔ» ብለው የእንኳን ደስ ያላችሁ መልእክት የላኩት እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛ፣ ከደረጃው ሥር ስላሰፈሩት ማብራሪያ።

ማብራሪያዎን በልቤ ይዤዋለሁ፤ ያማረ ጽሑፍ ስለሆነ አንድ ቃል ሳላጎድል እደግመዋለሁ። «አሰልጣኝ ስቶይካ የመጨረስ ወኔ ይጎድለዋል። ብልጫ በያዘበት ሰዓት ቡድኑን ያንበረክካል። በአንድ ወቅት ከተጋጣሚው የግብ መስመር አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ሆኖ፣ ገና ብዙ ሰዓት እያለ፣ ነጥብ ላለማስቆጠር ወስኗል። እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ኮንፈረንሳችን ከሚሄድበት ጎዳና ጋር አይራመድም።»

መንበርከክ ማለት ምን እንደሆነ ክቡርነትዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ቢሆንም ጉልበትዎ ሲታደስ ትዝታዎም አብሮ ታድሶ ከሆነ ብዬ ላስታውስዎት። ጨዋታው ያለቀለት መሆኑን ሁሉም ሰው ባወቀ ጊዜ፣ የሚመራው ቡድን ኳርተርባክ፣ ማለትም ጨዋታውን የሚመራው ልጅ፣ ኳሷን ይቀበልና አንድ ጉልበቱን መሬት ያስነካል። ፊሽካ ይነፋል፣ ማንም ማንንም አይመታም፣ ሰዓቱ ግን ይሮጣል። ይህ በየትኛውም ደንብ ላይ ግዴታ ተብሎ አልተጻፈም። ዳኛ አያዝዘውም። የተሸነፉት ልጆች እናቶቻቸው ፊት ከሚገባው በላይ እንዳይዋረዱ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜም እኛው በእነሱ ቦታ ልንሆን እንደምንችል በማሰብ፣ በዚህ ሸለቆ አባት ለልጁ ሲያወርሰው የኖረ ነገር ነው። አንዳንዱ አሰልጣኝ ይህን የሚያደርገው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው። ስቶይካ ትንሽ ቀደም ይላል። ያ ነው ወንጀሉ።

አዲሱ መለኪያዎ የነጥብ ልዩነትን እንደሚቆጥር ተረድቻለሁ። ስለዚህ የወደቀን ልጅ ሁለት ጊዜ የሚረግጥ አሰልጣኝ፣ አንድ ጊዜ ከሚረግጠው ይበልጣል፤ እጁን ዘርግቶ የሚያነሳው ደግሞ ስምንተኛ ይሆናል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ እኔም ገብቶኛል። ለልጅ ልጆቼ ግን እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ። ይህኛው ረዘም ስለሚል እባክዎ ይቀመጡ።

በማብራሪያዎ ላይ «በአንድ ወቅት» ብለው የጠቀሱት ጨዋታ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ተጋጣሚው ማን እንደነበር አልተጻፈም። ቀለም አልቆብዎት ነው ብዬ ስለገመትኩ እኔ ልሙላልዎት።

ዌለር ኮሌጅ ነበር። የዌለር ኮሌጅ ዋና አሰልጣኝም እርስዎ ነበሩ።

ያን ቅዳሜ ስትመጡ ከመንገድ ምግብ ቤት የገዛችሁት የድንች ሰላጣ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ከልጆችዎ ገሚሱ መልበሻ ክፍል ውስጥ ሆዱን ይዞ ቀርቷል። ሜዳ የገቡትም ቢሆኑ ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር የሚጫወቱት። አንድ ረጅም ልጅ ነበረዎት፤ ለማጥቃትም ለመከላከልም እሱው ይሰለፍ ነበር። በየመሀሉ ወደ ጥግ ሮጦ ያስመልሳል፣ አፉን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይገባል። ጨዋታው ይቅር ቢባሉ እምቢ አሉ፤ ለምን እምቢ እንዳሉ ያኔ አላወቅንም።

በአራተኛውና በመጨረሻው ሩብ መጀመሪያ ላይ የእኛ ልጆች ከግብ መስመራችሁ አንድ እርምጃ ላይ ደረሱ። ነጥቡ ቀድሞውኑ ያሳፍር ነበር። ስቶይካ ያንን ረጅም ልጅዎን ጥግ ላይ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያም ኳርተርባኩን ጠርቶ በጆሮው አንድ ቃል ነገረው፤ ልጁም ገባና ተንበረከከ።

መቀመጫው ሁሉ ጮኸ። ቨርሊን ከአጠገቤ ቆሞ «ሎወል! አንድ እርምጃ እኮ ነው! ተኝተህ ብትንከባለልም ትገባለህ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ስቶይካ ዘወር ብሎ እንኳ አላየንም። ልጁ ደጋግሞ ተንበረከከ፤ የተፈቀዱልን ሙከራዎች ሲያልቁም ኳሷ ለእናንተ ተሰጠች። ከዚያ በኋላ በቀረው ሰዓት በሙሉ ሜዳው ላይ የነበሩት የእኛ ተጠባባቂዎች ናቸው፤ ልጆችዎን እንደ እንቁላል ነበር የሚይዟቸው።

ከጨዋታው በኋላ፣ እንደ ልማዳችን፣ እንግዳውን ቡድን መንገድ ከመግባቱ በፊት በሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አበላን። ለታመሙት ሾርባ ተሠራ። ለእርስዎ ቺሊውን፣ ያን የሥጋና የባቄላ ወጣችንን፣ የቀዳችልዎት እህቴ ማርቬላ ናት፤ ከኦሃዮ የመጡ ሰው ስለነበሩ ቺሊ ከቀረፋ ጥቅል ዳቦ ጋር እንዴት እንደሚበላ ያስተማረችዎትም እሷ ናት። መጀመሪያ ፊትዎን አጨፈገጉ። በኋላ ግን ማርቬላ ጥቅሉን ዳቦ ከእርስዎ ለመደበቅ ተገደደች።

ከዚያም ሳህንዎን እንደያዙ ተነሱ። የተናገሩትን ከሰሙት ሰዎች አብዛኞቹ አሁንም በሕይወት ስላሉ፣ አጎት ዱዌይን ፈጠረው እንዳይሉ እለምንዎታለሁ። «የኮሌጃችን ፕሬዚዳንት እንደ አምናው ያለ ውርደት ከደገምክ አትመለስ ብሎኛል» አሉ። «ዛሬ የፈለጋችሁትን ያህል ልታገቡብን ትችሉ ነበር። ያ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ሥራ የለኝም። ሎወል፣ ይህን እስክሞት አልረሳልህም።» ፓስተራችን አሜን አለ። ስቶይካ ጆሮው ቀልቶ «ኧረ ብላ ብራይስ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አለዎት።

ክቡር ሆይ፣ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። የበሉበትን ወጪት መስበር ያለ ነገር ነው፤ ሰው ነንና እጃችን ይስታል፣ ወጪት ይወድቃል። ወጪቱን ሰብሮ ስባሪውን ባጎረሰው ሰው አንገት ላይ ማድረግ ግን ከእርስዎ በፊት አላየሁም። ስቶይካን ስምንተኛ ለማድረግ ምሳሌ ቢፈልጉ ስንት ጨዋታ ነበረልዎት! ከዚያ ሁሉ መርጠው ያነሱት እርስዎን ያዳነበትን ነው። ይህን ያህል የሚያስታውስ ሰው የራሱን ስም ብቻ እንዴት ረሳው?

አራተኛ፣ ስለ ስልክ ጥሪያችን። በአደባባይ ከመጻፌ በፊት ደውዬልዎት እንደነበር ሰዎች እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ያኔ እንደ ድሮው አንተ እንባባል ነበር፤ አሁን ወደ አክብሮት የተመለስኩት ርቀቱ ስለጨመረ ነው።

«ዱዌይን! ስንት ዘመን!» አሉኝ በደስታ።

«ብራይስ፣ ማብራሪያው ላይ ያነሳኸው ጨዋታ የትኛው ነው?»

«የቱ?»

«አንዲት እርምጃ የቀረችው።»

የሞቀው ክፍልዎ ማሞቂያ ሲያጉረመርም እስከ ሃዝሌት ተሰማኝ።

«ዱዌይን፣ ይሄ የግል ነገር አይደለም» አሉኝ። «ኮምፒውተሩ የነጥብ ልዩነት ይቆጥራል፤ እኔ ምሳሌ ብቻ ነው የጨመርኩት። ሰዎች ማብራሪያ ይፈልጋሉ። ሎወልን ደግሞ እንደምወደው አንተ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ከምትወዳቸው ሰዎች ስንተኛ ነው?»

«በል እንግዲህ፣ ስብሰባ ልገባ ነው» ብለው ዘጉት። ስብሰባው ጥሩ እንደነበር ተስፋ አደርጋለሁ።

አምስተኛ፣ ለምሳሌነትዎ አጸፋ እንዲሆን እኔም የኮሚሽነሮች ደረጃ አውጥቻለሁ። በሕይወቴ የማውቀው ኮሚሽነር እርስዎን ብቻ ስለሆነ አንደኛም መጨረሻም ሆነዋል። መለኪያዬን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የምቆጥረው ልዩነትን ነው፤ ሰው ሲቸገር በሚናገረውና ሲደላው በሚጽፈው መካከል ያለውን።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ ይህን ደብዳቤ ጻፍ ያለኝ ስቶይካ አይደለም። እንዲያውም ከልክሎኛል። ለክረምቱ የሜዳውን የውሃ ቱቦ ሲጠቀልል አገኘሁት፤ እንደ ደንሞር ባለ ትልቅ ኮሌጅ ይህን የሚሠራ ሰው ይቀጠራል፣ እኛ ጋ ዋና አሰልጣኙ ይሠራዋል።

«ደብዳቤ ልትጽፍ ነው አሉ» አለኝ ቀና ሳይል።

«ማን አለ?»

«ከተማው ሙሉ።»

«እና?»

«ተወው፣ ዱዌይን። ስምንተኛ መሆን እኮ ሰላም አለው። ከዚህ በታች የሚገፋህ የለም።»

«ቤትህስ?»

ቱቦውን እስከ ጫፉ ጠቀለለው፣ በገመድ አሰረው፣ ገመዱን ፈትቶ እንደገና አሰረው። «ጆይስ ለመጪው በጋ ግቢው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ተክላለች» አለ በመጨረሻ። ጆይስ ባለቤቱ ናት። ከዚያ በኋላ ስለ አየሩ አወራን።

እንግዲህ ልመናዬ ይኸው። ደረጃውን ይለውጡ አልልዎትም። ስምንተኛ ከሆነ ስምንተኛ ይሁን፤ የጀልባ ነጋዴው ሰባተኛነትም ይጽናለት። የምለምንዎት በማብራሪያዎ ላይ አንድ መስመር እንዲጨምሩ ብቻ ነው፦ «ተጋጣሚው ዌለር ኮሌጅ ነበር፤ ልጆቹ ታመው ነበር፤ አሰልጣኙም እኔ ነበርኩ።» የኮሌጃችን ቦርድ በሚቀጥለው ሳምንት ይሰበሰባል። አብዛኞቹ አባላት ከኦማሃ የሚመጡ፣ ያን ቅዳሜ ያልነበሩ ሰዎች ናቸው። ደንባቸው «ልዩ ምክንያት» ይላል። ልዩ ምክንያቱ ያለው በእርስዎ እጅ ነው። አንዲት መስመር ናት፤ ተኝተው ቢንከባለሉም ይገባሉ።

ለሚያደርጉት ሁሉ፣ በተለይም ላላደረጉት፣ በሃዝሌት ሕዝብ፣ በገበሬዎች ማኅበር ጠረጴዛና በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ስም የከበረ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ዘመንዎ የረዘመ፣ ወንበርዎ የለሰለሰ፣ ትዝታዎም እንደ አስፈላጊነቱ የታዘዘልዎት እንዲሆን የምመኝልዎት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ዱዌይን ፖስፒሺል
በያጅ፣ ሃዝሌት፣ ኔብራስካ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ለጋዜጣው ከተሰጠ በኋላ የቦርዱ ስብሰባ ከታቀደለት ቀን ቀደም ብሎ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተካሂዷል። የጋዜጣው አዘጋጅ ይህቺን ቦታ ስለለቀቀችልኝ አመሰግናታለሁ።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ስለነበር እኔ፣ አርሊስና ቨርሊን ከኋላ ተቀምጠን ነበር፤ ተመልካች ግን መናገር አይፈቀድለትም። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኦድራ ፌንስኬ መልካም ሴት ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ሊረዱት ፈልገው ነበር።

«አሰልጣኝ ስቶይካ» አሉት፣ «ደንቡ ልዩ ምክንያት ካለ እንድንሰማ ያዝዘናል። እኛም መስማት እንፈልጋለን። ኮሚሽነሩ የጠቀሱት ያ ጨዋታ ከማን ጋር ነበር? ምንስ ተፈጥሮ ነው ያቆሙት?»

ሳላስበው ከወንበሬ ተነሳሁ። ስቶይካ ዘወር ብሎ አየኝና አንዴ ብቻ ራሱን ወዘወዘ። ተቀመጥኩ።

«ከልጆች ጋር ነበር» አላቸው። «የማን ልጆች እንደነበሩ አላስታውስም፤ ብዙ ዘመን ሆኖታል።»

ወይዘሮዋ ድምፅ እንዲሰጥ ጠየቁ። ከዚያ እጆች ወጡ፤ ውሉም አልታደሰም።

ከውጭ መኪናው አጠገብ ደረስኩበት። «ሎወል፣ የሰውየውን ስም ብትጠራ ምን ነበረበት?» አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌም ነበር።

«የሱን ወንበር የሰጡት እነዚሁ ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ሊወስዱበትም ይችላሉ» አለኝ። «ብራይስም እኮ ቤት አለው፣ ዱዌይን።» መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

እንግዲህ እሱ ረስቶልዎታል። እኔ የእሱን ያህል ደግ ሰው ስላልሆንኩ፣ ከላይ ከጻፍኩት አንድ ፊደል ሳልሰርዝ እንዲታተም ነግሬያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የእሱንና የጆይስን ዕቃ በእኔ መኪና እንጭናለን። ቨርሊን ወገቡን ያመዋል፤ ፓስተራችን አርጅቷል። ሶፋው ከባድ ነው፣ ደረጃውም ጠባብ ነው፤ በአንደኛው ጫፍ የሚይዝልን ሰው ጎድሎናል። አድራሻውን ያውቁታል።